ለደረት የሚጠጣ ወተት

አባቴ ወተቱን ጠጥቶት አያውቅም።

ወሎ ውስጥ፣ ከከተማችን ዳር በነበረ የጨርቅ ፋብሪካ፣ ጨርቅ በሚነከርበት ክፍል ነበር የሚሠራው። ለዚያ ክፍል ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ወተት ይታደላቸዋል። ከቀለሙ የሚነሣውን ጭስ ከደረት ያጥባል ይባላል። ሠራተኛው ያምናል፣ አለቃውም ያምናል፣ እኛም ልጆቹ እናምናለን። አባቴ ግን ድርሻውን በጠርሙስ ያስቀዳና ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ይዞልን ይመጣል። ጠርሙሱን ለእናቴ ሰጥቶ ግድግዳው ሥር ይቀመጥና ያስላል። እኛ እንጠጣለን። ጡረታ ሳይደርስ ሞተ። ወተታቸውን እዚያው የጠጡት ጓደኞቹም ከሱ ብዙ አልቆዩም። ይህን ያስተዋልኩት ግን ከሸመገልኩ በኋላ፣ እዚህ ቤሩት ተቀምጬ ነው።

ከከተማው ዳር፣ አንጠልያስ ውስጥ የአንድ ፎቅ ናጡር፣ ዘበኛ ማለት ነው፣ ነኝ። ደረጃውን እጠርጋለሁ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ሲጎድል ውሃ እስባለሁ፣ መብራት ሄዶ ሰው አሳንሰር ውስጥ ሲቀር ከፍቼ አወጣለሁ። የምንኖረው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው። ደረጃው ከጭንቅላታችን በላይ ስለሆነ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ ሳላይ አውቃለሁ። የእግር ድምፅ እንደ ሰው መልክ ነው፤ ይለመዳል።

ባለቤቴ ወደዚህ አገር የመጣችው ከኔ በፊት ነው። ያኔ የገባችበት ቤት ከዚያ ወዲህ ስትሠራበት የኖረችው ነው፤ እዚሁ ፎቅ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ያለው። መጀመሪያ ላይ እዚያው ነበር የምታድረው። ከኩሽናው ጀርባ ያለች ጠባብ በረንዳ ላይ፣ በሩ ተቆልፎባት። ኋላ የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ አመነቻት። እኔ ስመጣም ለፎቁ ባለቤት ነግራ ይህን ሥራና ይህችን ክፍል ያሰጠችኝ እሷው ናት። ውለታዋን አልረሳም። የባለቤቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ሁልጊዜም በማዳም ስም ነው። ማዳም ካልፈረመች ባለቤቴ መንገድ ላይ ፖሊስ ያገኛት ቀን አለቀላት።

ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ቤት መጽዳቱን የምታውቀው ግን በዓይኗ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው። ከውጭ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ብላ ትስባለች። ክሎሩ፣ በረኪናው ማለት ነው፣ ካልሸተታት ቤቱ አልታጠበም። ባለቤቴም ከሷ በፊት የመጡ ሴቶች ያሳዩአትን ዘዴ ያዘች፤ ክሎሩ ላይ የሽንት ቤት አሲድ ጠብ ታደርግበታለች። ከባልዲው ጭስ ነገር ይነሣል፣ ሰድሩ መስታወት ይመስላል። ሽታው ማዳም እስክትመጣ እንዲቆይ መስኮቱ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ከዚያ ወጥታ አንድ ብርጭቆ ወተት ትጠጣለች። ወተቱን ከኔ አልሰማችም። እዚህም የኛ አገር ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ ማን እንዳመጣው እንጃ። አባቴን ፋብሪካው ይሰጠው ነበር፣ እሷ ግን ከዱካን ራሷ ትገዛዋለች። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ለብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ትንሽ ጉሮሮ መጥረግ ብቻ። አገሩ ከተበላሸና መብራት ከጠፋ ወዲህ፣ አሳንሰሩም ሲቆም፣ ወደ ላይ የምትወጣው በእግሯ ሆነ። እኔ ከሥር ተኝቼ እሰማታለሁ። ትወጣለች፣ ትቆማለች። ትወጣለች፣ ትቆማለች። አንድ ቀን መወጣጫውን ስጠርግ አገኘኋት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ይዛለች። ጎረቤት አለፈ፤ «እሺ፣ እሺ፣ አዎ» ትላለች ለስልኩ። ሰውየው ካለፈ በኋላ ስልኩን አወረደችው። የሚያወራት ሰው አልነበረም። የምታስል አሮጊት ማን ያሠራል፤ ስልክ የምታወራ ሴት ግን ሁሉም ደረጃ ላይ ቆማ ታወራለች።

ለድሃ በርካሽ የሚያክሙበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

«ሺሻ ታጨሻለሽ?» አላት ሐኪሙ።

«ሺሻውን ሳጥብ የኖርኩት እኔ፣ ያጨሱት እነሱ» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ የደረቷን ፎቶ መብራት ላይ አድርጎ አየው። የትንፋሽ መንገዷ ተቃጥሏል። የሚነፋ መድኃኒት ጻፈላትና «ክሎር የሚባል ከእንግዲህ አጠገብሽ አይድረስ። ያኒ፣ ኸላስ» አላት።

«ሥራዬስ፣ ዶክቶር?»

«እኔ የደረት ሐኪም ነኝ» አላት። በቁጣ አልነበረም።

እንዲህ እያለን ነው የእህቷ ልጅ የመጣችብን። ቡርጅ ኤል ባራጅነህ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። ያ ሰፈር ያለበት የከተማው ደቡብ ዳር፣ ዳሒዬ፣ በአውሮፕላን ሲደበደብ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች፣ እዚሁ ቀረች። የመጀመሪያ ማዳሟን ጥላ ስለወጣች ወረቀት የላትም፤ በሰዓት ነው የምትሠራው። ልጅቷን ሳያት ደስ ይለኝ ነበር። ማንም በር አይቆልፍባትም፣ ስልክ አላት፣ የምትሠራላት ማዳም ስትጮህባት «ቦንጁር ማዳም» ብላ ትወጣለች። ግን የሰኞው ቤት ሌላ ነው፣ የማክሰኞው ሌላ። ባለቤቴን ጥርሷን ሲያማት ማዳም የራሷ ሐኪም ዘንድ ወስዳታለች። የልጅቷ ማዳሞች ስሟን እንኳ አያውቁትም። አንዷ ስልኳ ላይ «የሐሙሷ» ብላ ነው የመዘገበቻት።

እዚህ የኛ ሴቶች አንድ ልማድ አላቸው። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ገብታ ቤቱን ትይዝላታለች፤ ስትድን ትለቅላታለች። ቤት መያዝ ይሉታል።

«እኔ እይዝልሻለሁ፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ።

«የዚህችን ማዳም አፍንጫ ትችይዋለሽ?»

«ቤሩት መጥቼ ከሽንት ቤት በቀር ምን አየሁ ብለሽ ነው።»

ባለቤቴ በእጇ እያሳየች አስረዳቻት። «አሲዱን ጠብ ነው የምታደርጊው፣ ብዙ አይደለም። መስኮቱን ዝጊ። ስትወጪ ወተትሽን ትጠጫለሽ።»

«አክስቴ፣ ሁለቱ እኮ ሲገናኙ መርዝ ነው። ስልክ ላይ አይቻለሁ። በጦርነት ወታደር የፈጁበት ጋዝ ነው የሚወጣው።»

«እኔ ወታደር ነኝ?»

«ወተቱም ቢሆን ሆድ ነው የሚገባው፤ ሳንባ አይገባም። አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?»

አባቴ ትዝ አለኝ፣ ጓደኞቹም። «ልክ ናት» አልኩ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን ሁሉ ዘመን ያመነችበትን ነገር ነው የወሰድንባት።

ልጅቷ አፏን በጭንብል ሸፍና፣ መስኮቱን ከፍታ፣ በሳሙና ታጥብ ጀመር። ቤቱ ንጹሕ ነበር፤ ውሃ ሳደርስ አይቼዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ማዳም ለባለቤቴ ደወለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔም ሰማሁ።

«ሀቢብቲ፣ ልጅቷ ጥሩ ናት፤ ግን አታጸዳም። ቤቴ ምንም አይሸትም።»

«ታጸዳለች፣ ማዳም።»

«ኢቃማሽ ሊያልቅ ነው። እኔ በስሜ ማሳደር የምችለው አንድ ሰው ነው። አንቺ ከተመለስሽ አድስልሻለሁ። ካልሆነ የሚሠራ ሰው ላምጣ፤ እኔም አርጅቻለሁ።»

እውነቷን ነው፣ እሷም አርጅታለች። ባለቤቴ ስልኩን አስቀምጣ ሻሿን መፈለግ ጀመረች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ቤቴ።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«ሐኪሙ ኢቃማ አይሰጠኝም» አለች።

መብራት አልነበረም። በደረጃው ወጣች፤ እኔ ከሥር ቆሜ እቆጥራለሁ። አንደኛውን አለፈች። ሁለተኛው ላይ ቆመች። አልቀጠለችም። ልጅቷ ልብሷን ሳትቀይር ከክፍላችን ሮጣ ወደ ላይ ወጣች። እኔም በቻልኩት ተከተልኩ። ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነው።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ አክስቴ?» አለቻት ልጅቷ፣ አጠገቧ ተቀምጣ።

ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየችና «ከእናትሽ ጋር» አለች።

«ሰላም በይልኝ።» ስልኩን ከእጇ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። «አብሽሪ። ከጋሼ ጋር ውረጂ። እኔ ማዳምን አነጋግራታለሁ፣ አስረዳታለሁ። አሁን ያልገባት ነገር ነው እንጂ ሰው ናት።»

ይዣት ወረድኩ። መድኃኒቱን ነፋችና ተኛች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅቷ በዚያ አፏ ማዳምን እንዴት አድርጋ እንደምታሳምናት አስብ ነበር። እንደምታሳምናት እርግጠኛ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ማዳም ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል።

«አሁን ገና ቤቴ ቤቴን ሸተተ። ሰኞ ለኢቃማው አብረን እንሄዳለን። ልጅቷም ትቀጥል፤ አንቺ አንዳንዴ ብቅ እያልሽ ታይልኛለሽ። ያላ፣ ሀቢብቲ።»

ባለቤቴ «ሜርሲ፣ ማዳም» አለች። ስልኩን ዘግታ አየችኝ።

ልጅቷ ወረደች። ጭንብሉ አገጯ ላይ ነው፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል፤ ልብሷ ያንን የማውቀውን ሽታ ይዞ ገባ። «እንዴት ዋላችሁ» እንኳ አላለችም። ቀጥ ብላ ወደ ፍሪጁ ሄደች፣ ወተቱን አወጣች፣ ብርጭቆ ሞላችና ቆማ ጠጣችው። ጠጥታ ሌላ ቀዳች።

ወተት ሆድ እንጂ ሳንባ አይገባም ያለችው ልጅ ይህችው ናት። ማስታወስ የፈለገ ግን አልነበረም።

ባለቤቴ ከአልጋው ተነሥታ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለቻት። «ቀዝቃዛውን አይደለም» አለቻት። «ቀዝቃዛው አያጥብም። ነይ፣ ላሙቅልሽ።»

ኢቃማው ታደሰ። እኔ አሁን ከዱካን የምገዛው የዱቄት ወተት ትልቁን ጣሳ ነው፤ ለሁለት ስለሆነ። ባለቤቴ ትንሽ ተሽሏታል፣ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፣ ቀልዷም ተመልሷል። ልጅቷ ከሌሎቹ ቤቶች ሁለቱን ለቃ ከላይ ያለውን ይዛለች። አክስቷን ስለ መስኮቱ አታነሣባትም፣ አክስቷም አትጠይቃትም።

ጠዋት ስትወጣ ተኝቼ አዳምጣለሁ። ቀላል እግር ነው ያላት፣ ደረጃውን የምትነካው አይመስልም። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አንድ ጊዜም ሳትቆም እስከ ላይ። ይህን ሰምቼ ነው የምነሣው።

ትናንት ሦስተኛው ላይ ቆመች። ብዙ አይደለም። ስልክ ተደውሎላት ይሆናል።