በሁዳዴ ቅቤ የጠጣው ቱታ

ባለፈው ቅዳሜ ከባምቢስ ተነስቶ በኦሎምፒያ በኩል በሚያልፍ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ የተቀባች ሴትዮ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ደግሞ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሁለቱን እኩል ስታሞቃቸው ቅቤውና ቆዳው ተቀላቀሉና አንድ ሽታ ሆነው አፍንጫዬ ላይ ደረሱ። በቃ፣ መውረጃዬን አለፍኩት። ረዳቱ "እህት፣ ኦሎምፒያ ወራጅ ብለሽ አልነበር?" ሲለኝ እኔ ታክሲው ውስጥ የለሁም። አስር ዓመቴ ነው፤ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ነኝ፤ እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ቅቤ በቅቤ ሆኗል።

ያን ጊዜ አጎቴ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖረው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሌላውን ቀን በሞተር ዕቃ ያደርሳል፤ እሁድ እሁድ ጠዋት ይወዳደራል። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አያውቅም። ራት ላይ እንኳ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዎቹ ትር ትር ይላሉ፤ እናቴ "ኧረ ሞተሩን አጥፋው" ትለዋለች። "እሺ እትዬ" ይልና ለሦስት ጉርሻ ያህል ያቆመዋል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ከጎኑ ስለምቀመጥ ንዝረቱ በአግዳሚው በኩል ወደ እኔ ያልፋል። ዛሬም አስተማሪ ክፍል ውስጥ "እግርሽን አሳርፊው እንጂ" ሲለኝ ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁ።

የሚወዳደርበትን ቱታ ያገኘው መርካቶ፣ ከቦንዳ ልብስ መሃል ነው። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ ጥቁር ቆዳ፤ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሰፋበት፤ ጀርባው ላይ የማናውቀው ሰው ስም በማናውቀው ፊደል የተጻፈበት። ያለ እሱ ማንንም አያወዳድሩም። "ስወድቅ አስፋልቱ የሆነ ቆዳ መላጡ አይቀርም" ይል ነበር፣ "የበሬው ይሁን የኔ፣ ጥያቄው እሱ ነው።" ከእናቴ የክት ቀሚስ ጎን ይሰቅለውና ሁላችንንም ያስጠነቅቀናል፤ "ውሃና ፀሐይ ብቻ እንዳታሳዩብኝ።"

በሁዳዴ ፆም፣ አንድ ሐሙስ ራት ላይ ወሬውን አመጣው። እሁድ ትልቅ ውድድር አለ፤ ከናይሮቢ የመጣ ሰውዬ ቆሞ ያያል፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ወደ ቡድኑ ይወስዳቸዋል።

"ይወስዳቸዋል ማለት?" አለች እናቴ።

"ማለቴ፣ ሥራዬ ይሆናላ። መወዳደር ብቻ። ዕቃ ማድረስ የለ፣ ምን የለ።"

"ለስንት ቀን ነው?" አልኩት እኔ።

ሳቀ። "ለስንት ዓመት በይ እንጂ ቁንጫ።"

እናቴ ያላለቀ ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሞተሩን አንድም ቀን መርቃለት አታውቅም። በወጣ ቁጥር በሩን ትዘጋለች፤ ተመልሶ እስኪመጣ ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። እኔ ደግሞ ያለ እሱ ያ ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል አሰብኩ። ብርጭቆዎቹ ዝም ይላሉ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም። ትልቁን ሳፋ አወጣሁ። ውሃ አሞቅኩ፣ የዱቄት ሳሙና በተንኩበት፣ ቱታውን አውርጄ ነከርኩት። ብርድ ልብስ እንደሚታጠበው ገብቼ በእግሬ ረገጥኩት። ውሃው ጥቁር ሆነ። ከዚያ ጎትቼ አውጥቼ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ መሃል ፀሐይ ሽቦው ላይ አሰጣሁት። ለሰው ሁሉ የነገርኩት "ንፁህ ለብሶ ይወዳደር ብዬ ነው" የሚለውን ነው። ለእናቴም፣ ለጎረቤትም፣ ለራሴም። ላንቺ ለጓደኛዬ ግን አልዋሽም፤ ውሃና ፀሐይ ሲል መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ናይሮቢ የምትባለውን ከተማ ጠልቻት ነበር፤ እሷን ማግኘት ስለማልችል ቱታውን አገኘሁት።

አጎቴ አመሻሹ ላይ ሲመጣ ቱታው ሽቦው ላይ እንደ ቋንጣ ደርቋል። እጅጌዎቹ ተጠማዘዋል። አወረደው፤ ሲያጥፈው ጧ ጧ ይላል። ሊለብሰው ሞከረ፤ ጭኑ ጋ ሲደርስ እንቢ አለው። ከዚያ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ቁጭ አለ። አልተቆጣም። ጉልበቱን አየሁት። አይንቀሳቀስም። ያን ጉልበት ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር የለም። አጎቴ እንዳይሄድ ፈልጌ ነበር፤ አሁን ጄሪካኑ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን እሱ አልነበረም።

በመጨረሻ "ቁንጫ" አለኝ፣ "ስንት ዓመት ሙሉ ካልሲዬን እጠቢልኝ ስልሽ..." አልጨረሰውም።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ቅቤ ነጋዴ ጎረቤታችን ይኖሩ ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ ግን ሁዳዴ ሲገባ ለግቢው ሲሉ ቅቤያቸውን በኮባ ላይ ኮባ ጠቅልለው፣ በላዩ ላስቲክ አስረው፣ ሽታው ለፆመኛ እንዳይደርስ አድርገው ነበር የሚያስቀምጡት። ወጡና ቱታውን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡት፣ አጠፉት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ሰሙት።

"ጠምቶታል እንጂ አልሞተም" አሉ። "እኛ አገር ጠፍር ሲደርቅ ምን እናጠጣዋለን? ቅቤ ነዋ።"

"በሁዳዴ፣ እማማ?" አለ አጎቴ።

"ቱታው ክርስቲያን ነው እንዴ?"

ቅዳሜ ጠዋት ኮባው ተፈታ። ቅቤውን ፀሐይ ላይ ለዘብ አድርገው ሰጡን፤ ቱታውን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን፣ በእርጥብ ጨርቅ ለስለስ እያደረግን፣ በመዳፋችን ማሸት ጀመርን። ቆዳው በእርግጥ ይጠጣል። የቀባሽው ቦታ ዞር ብለሽ ስታዪው ደርቆ ይጠብቅሻል፤ እንደገና ትቀቢዋለሽ። ሽታው በቆርቆሮው አጥር ላይ ተሻግሮ ሰፈሩን ሲያዳርሰው ከግቢው ጫፍ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን በራቸውን ከፈቱ።

"በሁዳዴ ዶሮ የሚያቁላላው ማነው? ስሙ ይነገረኝ።"

"ዶሮ አይደለም ጋሼ" አሉ ቅቤ ነጋዴዋ፣ "ሱሪ ነው።"

መጥተው አዩ። ነገሩን ሰሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉና የቱታውን አንድ እግር ወደ ጉልበታቸው ጎትተው ማሸት ጀመሩ፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው። "የሚፆመው አፍንጫዬ ነው" አሉ፣ "እጄ አይፆምም።"

ስድስት ሰዓት አካባቢ አጎቴ ገባበት። ሁለት ሰው እጅጌውን፣ አንድ ሰው እግሩን እየጎተተ፣ ተነስቶ እየተቀመጠ፣ ቆዳው እየተንጫጫ ገባበት። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ወገቡ ታጠፈ። እጁን ሲዘረጋ ግን እጅጌው ከጓንቱ ጋር አልተገናኘም፤ አንጓው ራቁቱን ቀረ። ሁላችንም ያንን ባዶ ቦታ አየነው። ከውድድሩ በፊት ተቆጣጣሪ አለ፤ በጓንትና በእጅጌ መሃል ሥጋ ከታየው አያሳልፍም።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች አላየናትም። አሁን "ደግ ሆነ፣ ተወው" ትለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሟን ቤት የሚያስቀርላት ነገር እጇ ላይ ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ። መጣች፤ ጣቶቿን አንጓው ላይ አስተኛች።

"አራት ጣት" አለች፣ ወደ ቤትም ገባች።

ተከትያት ገባሁ። የቢሮ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገለበጠችው። መታወቂያ፣ እስክርቢቶ፣ የጉሮሮ ከረሜላ፣ የታጠፈ ማመልከቻ። አንድ ያ ቦርሳ ብቻ ነበር ያላት፤ ጥቁር፣ ለስብሰባና ለሠርግ የምትይዘው፣ በየሳምንቱ የምትወለውለው። ባዶውን ይዛ ከግቢው በር ወደሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ወሰደችው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ እውነተኛ ቆዳ ነው" አላት፣ "እንዴት ይቆረጣል?"

"እውነተኛ ባይሆንማ ምን ያደርግልኛል?"

ሰውዬው ትንሽ አሰበና ቢላውን አነሳ። እናቴ ሰኞ ቢሮ የሄደችው በፌስታል ነው፤ ከዚያም ብዙ ሰኞ።

የተሰፋውን ልንለካ ስንገባ አጎቴ ጀርባውን ሰጠኝና "ዚፑ ሊሳብልኝ አልቻለም፣ ነይ" አለኝ። ጎንበስ አለ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ሳስጠነቅቃችሁ ሰምተሽ ነበር አይደል?"

"ምኑን?"

"እሺ፣ ሳቢው።"

በሁለት እጄ ሳብኩት።

ውድድሩ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አዲስ አስፋልት ላይ ነበር። አየሩ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ሞተሮቹ ገና ሳይነሱ ድምፃቸው ሆድሽ ውስጥ ይገባል። ተቆጣጣሪው የአጎቴን አንጓ ጎተተ፣ አገላበጠ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ሞከረ። ከዚያ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ።

"ምንድነው የሚሸተኝ?"

"ቅቤ ነው።"

"ፆሙ ተፈታ እንዴ?"

"ለቱታው ብቻ" አለ አጎቴ። ሰውዬው ሳይስቅ የማለፊያ ወረቀቱን ሞተሩ ላይ ለጠፈለት።

መቼም ሄዷል፣ ይሄን ታውቂያለሽ። ሰባት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ናይሮቢ የሌሎችን ሞተር ሲያሟሙቅና ተጠባባቂ ሲሆን ከረመ፤ ከዚያ የራሱ ሞተር ተሰጠው፤ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ። ስሙ በምናውቀው ፊደል የተጻፈበት አዲስ ቱታ አሰፉለት። አጥንቱን የሰበረበትን ኩርባ ሁሉ በስልክ ለእናቴ "ትንሽ ተንሸራተትኩ" እያለ ነግሯታል። ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆናል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳምንት መሙላት አቃተው። ባለፈው ወር ደወለና እጁ ፍሬኑን አልይዝ እንዳለው፣ ውድድር እንዳቆመ፣ አሁን ሌሎችን እንደሚያሠለጥን ነገረን። "ታዲያ ለምን አትመጣም?" አለችው እናቴ። "እመጣለሁ እትዬ" አላት። ግቢው ዛሬ የለም፤ እኛም አንድ ጥግ፣ ቅቤ ነጋዴዋም ሌላ ጥግ ሄደናል። ወዴት እንደሚመጣ እንኳ አልጠየቀም።

ያን እሁድ ግን ይሄ ሁሉ ገና አልሆነም ነበር። እናቴ ሞተሮቹ ሲነሱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። "እኔ አላይም፤ አንቺ ንገሪኝ" አለችኝ። ስምንት ዙር ነው። በእያንዳንዱ ዙር እነግራታለሁ፤ አምስተኛ፣ አምስተኛ፣ አራተኛ። ከሩቅ የምለየው በማብረቅረቁ ነበር፤ ፀሐይ ስትመታው ቅቤው ያንፀባርቃል፤ ሌሎቹ ጥቁር ናቸው፣ እሱ እንደ እርጥብ ድንጋይ ነው። በሰባተኛው ዙር ሦስተኛ ሆነ። ከፊቱ ያለው ቀይ ሄልሜት ያደረገ ሰውዬ ነው። ሦስተኛ ከሆነ ቤታችን ይመለሳል፤ ሁለተኛ ከሆነ ይሄዳል። ይሄን ያህል ቀላል ነበር።

ከኮረብታው ጀርባ ገቡና ድምፃቸው ብቻ ቀረ። እግሬ መሬት ላይ አላርፍ አለኝ። ኩርባው ላይ ሲወጡ ጎን ለጎን ነበሩ፤ አጎቴ ጉልበቱ አስፋልቱን ሊነካ አንድ ስንዝር እስኪቀረው ድረስ ተኝቶ በውስጥ በኩል ገባ። "እለፈው" የሚል ሰማሁ። ቀስ ብሎ ነው የተባለው፣ እንደ ጸሎት። የኔ አፍ ነው።

አለፈው።

"ጨረሱ?" አለች እናቴ ከነጠላው ሥር።

"ጨረሱ።"

"በሰላም?"

"በሰላም።"

"ስንተኛ ነው?"

በዙሪያችን ሰው ይጯጯሃል፤ እሷ ግን የምታምነው እኔን ብቻ ነው። አጎቴ ማዶ ሄልሜቱን አውልቆ፣ በሕዝቡ መሃል በዓይኑ እኛን ይፈልጋል። ብነግራትም ይሄዳል፣ ባልነግራትም ይሄዳል። ነጠላው በትንፋሿ ገባ ወጣ ይላል። ከሥሩ ባለችው በእናቴ ዓለም ወንድሟ ገና የትም አልሄደም።

"ቆይ እማ" አልኳት፣ "እየቆጠርኩ ነው።"