ልጄ ጡት የያዘች ቀን

ቅዱሳን፣ ዛሬ መዘመር ብቻ አልበቃኝም! ጌታ ለልጄ ያደረገውን ካልተናገርኩ ውስጤ አያርፍም። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ አታውቁኝም። ቤቴ ጎሮ ነው፤ ጉርድ ሾላ ፀጉር ቤት አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ሙሽራ ስሠራ ነበር የምውለው። እግዚአብሔር ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ባለቤቴ ታደሰም እንደዚያው።

ከዚያ ሶስና ተወለደች። ስትጠባ ያልባታል፤ ትንሽ ስባ ደክሟት ትተወዋለች። ሐኪም ቤት ስንወስዳት "ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ" አሉን። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ተሳካ፣ እልል አልን!

ግን ወገኖቼ፣ መከራው ከዚያ በኋላ መጣ። ልጄ ኪሎ አልጨምር አለች። ክንዷ ጣቴን አከለ። የደረቷ ቁስል አልገጥም አለ። ሐኪሙ ጠራንና፣ "ልቧ ተስተካክሏል። አሁን ቁስሉን የሚጠግነው ፕሮቲን ነው። እሱን ካላገኘች ሰውነቷ የራሱን ጡንቻ ይበላል። ኢንፌክሽን እንዳይገባባት እፈራለሁ" አለን።

የምግብ ባለሙያዋ ጡቴን እያለብኩ እንዳመጣላት ነገረችኝ። ፕሮቲን ያለው ዱቄት ይጨመርበትና በአፍንጫዋ በገባች ቀጭን ቱቦ ይሰጣታል። ታስመልሰዋለች! አሳንሰው ይሰጧታል፣ እሱንም ታስመልሰዋለች! "አይዞሽ የኔ እናት፣ ቀስ እያልን እናለምዳታለን" ትለኛለች ባለሙያዋ። እኔ ግን ወተቴ ራሱ በጭንቀት ሊደርቅ ደረሰ።

ከጎናችን ልጇን የምታስታምም ብርቱካን የምትባል የወላይታ እናት ነበረች። ሳለቅስ አይታ፣ "እህቴ፣ ልጸልይላት?" አለችኝ።

"እኔ እሱን አላውቀውም። አንቺ ካወቅሽው ንገሪልኝ" አልኳት።

"አብረን እንንገረው። አንቺንም ይሰማሻል።"

ጸሎት የት አውቄ! "ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ወተት ሆዷ ውስጥ አቆይልኝ" አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው!

ሃሌ ሉያ! ያን ቀን ሳታስመልስ ዋለች! በማግስቱም እንደዚያው! መጠኑን እያሳደጉላት ሄዱ። አንድ ጠዋት ነርሷ ሚዛን ላይ አስቀምጣት፣ "ጨምራለች! ኧረ ጨምራለች!" ብላ ጮኸች። ቁስሉ መግጠም ጀመረ፣ የኔም ወተት ተመለሰ። ቱቦው ወጥቶ ጡቴን ስሰጣት፣ ወገኖቼ፣ ላብ የለ፣ ድካም የለ፣ እስክትጠግብ ጠባች! ታደሰ ግድግዳ ተደግፎ እያለቀሰ፣ "ይህን አምላክ እኔም ማወቅ አለብኝ" አለ። ሁለታችንም ሕይወታችንን ለጌታ ሰጠን። ክብር ይሁንለት!

አንዳንዱ፣ "ያዳናት እኮ ሕክምናው ነው" ይለኛል። አዎ! ሐኪሞቹንስ፣ ምግቡንስ ማን ሰጠን?

ያቺትላችሁ፣ አባቷ ጭን ላይ፣ ክራቫቱን የምትጎትተው! አሁን እንቁላል ከአፏ አይጠፋም።

ዛሬ ልጃችሁን ታቅፋችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን አትተዉ፤ መጸለይ አልችልም ብላችሁም ዝም አትበሉ። እሱን የማታውቀውን ሴት የሰማ ጌታ እናንተን እንዴት አይሰማም? እመኑት! ክብር ለስሙ ይሁን!