በሰሌዳው ላይ የሰፈረችው ልጄ

ዳይሬክተሩ ወላጆችን ለስብሰባ የጠራን በመስከረም፣ በማርያም ዕለት ነበር። በዚያ ቀን በሬ እንደማንጠምድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም በትምህርት ቤቱ ደጅ እንደምናልፍ ያውቃል። ከእሱ በፊት የነበሩት በእርሻ ቀን ይጠሩንና ሰው ሲጠፋ "ገበሬው ትምህርት አይወድም" ብለው ይጽፉብን ነበር። እሱ ግን አወቀብን። ሌላው ሰው ለዚህ ብልሃቱ አመሰገነው፤ እኔን አናደደኝ። ከፍኖተ ሰላም የመጣ፣ ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ሰው፣ የበዓል ቀናችንን ከእኛ እኩል ማወቁ ደስ አላለኝም።

ጥቁር ሰሌዳውን ከክፍል አውጥቶ ከውጭው ግድግዳ አስደግፎታል። በግራ በኩል "ያገኘናቸው ውጤቶች"፣ በቀኝ በኩል "ዘንድሮ ቅድሚያ የምንሰጣቸው" ብሎ በጠመኔ ጽፏል። አብዛኛው ሰው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቢቆጥርም ከዚያ ርቀት ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበር። እኔ አነበብኩት። ጽሕፈቱ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ ነው። የእኔ እስከ ዛሬ ወደ ታች ያዘነብላል። ፊደልን የለየሁት በጎልማሳነቴ፣ ቡሬ ወፍጮ ቤት ስሸከም፣ ከጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየሁና አንድ ዲያቆን እየለመንኩ ነው። ቁጥር ያስተማረኝ ሚዛኑ ነው። መምህር ኖሮኝ አያውቅም። መምህር የሌለው ሰው ደግሞ ባለ መምህሩን ሲያይ ሆዱ ይቃጠላል፤ ይህ ክፉ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስብሰባውን በመፈክር ከፈተ፤ እኛም ግራ እጃችንን አንሥተን ተቀበልን። ከዚያ ዳይሬክተሩ ቀጭን በትር ይዞ ወደ ሰሌዳው ቀረበ።

"የተከበራችሁ ወላጆች፣ አምና ሁለት ክፍል ሠርተናል።"

"ጭቃውን ያቦካው የማን እግር ነው?" አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤቴ በሹክሹክታ።

"ሽንት ቤት ቆፍረናል። የሴት ተማሪዎቻችን ቁጥር ጨምሯል። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከተፈተኑት ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም አልፈዋል።" በእያንዳንዱ ላይ ሰሌዳውን በበትሩ ነካ ያደርጋል። በትሩ መጨረሻው መስመር ላይ ዐረፈ። "በአውራጃው ከፍተኛ ውጤት ካመጡት ተማሪዎች አንዷን ያፈራው የእኛ ትምህርት ቤት ነው።"

የልጄን ስም ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ግን የማየው ሰሌዳውን ነበር። ልጄ ከሽንት ቤቱ ሥር ተጽፋለች።

ልጄ መደመርና መቀነስን ይዛ ነው ትምህርት ቤት የገባችው። በርበሬ በምንለቅምበት ወራት መደብ ላይ አስቀምጬ "ይህን ዛላ ለአራት ሰው አካፍዪ፤ ስንት ይተርፋል?" እላታለሁ። አንድ ቀን በበርበሬ እጇ ዓይኗን ነክታ ስታለቅስ እንኳ መልሱን ሳትነግረኝ አላስታጠብኳትም። እናቷ ያን ቀን እስከ ዛሬ ትቆጥርብኛለች። እኔ አልጸጸትም። ያ ሁሉ ዓመት አለፈና አሁን "ያፈራው የእኛ ትምህርት ቤት" ተባለ።

እጄን አወጣሁ።

"ዳይሬክተር፣ ሪፖርቱ ጥሩ ነው። በእኛ አገር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም።"

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ዳይሬክተሩ የጠመኔውን ብናኝ ከጣቶቹ አራገፈና፣

"ልክ ነዎት፣ አባቴ" አለ። "ላሟ የዋለችው እርስዎ ደጅ ነው። እኛ ኩበቱን ነው የለቀምን። ታዲያ አገሩ ብርድ ነው፤ አብረን ብንሞቀው ይከፋዎታል?"

ሳቁ እስከ መንደሩ ዋርካ ድረስ ተሰማ። ጎረቤቴ ጎኔን ጎሸም አድርጎ፣ "ዛሬስ ገጠመህ!" አለኝ። ባለጌ መልስ ቢመልስልኝ ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር። የሚጠሉት ሰው ጨዋ ሲሆን መጥላቱ ራሱ ሥራ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ቀኙ የሰሌዳው ክፍል ተሻገረ። አንደኛው ቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ሁለተኛው ያለፉት ልጆች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ቤት እንዳይቀሩ ነው። እኛ ዘንድ ከስድስተኛ በላይ የለም፤ ሰባተኛ ለመማር ቡሬ ከተማ መቀመጥ ያስፈልጋል። "ባለቤቴና ልጆቼ ቡሬ ናቸው" አለ። "ማረፊያ ላጣች አንዲት ልጅ ቦታ አለን።" ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው።

እኔ ልጄን አየሁ። ከሴቶቹ መካከል ቆማለች፤ አልደነገጠችም። ያን ጊዜ ገባኝ። ቡሬ ሄዳ መማር እንደምትፈልግ ከእኔ በፊት ለእሱ ነግራዋለች።

ቤት ስንገባ ሚስቴ ገና ነጠላዋን ሳታጥፍ ጀመረች።

"በል እንግዲህ፣ ሰውየው ቤቴ ትቀመጥ ብሏል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለህ ላካት።"

"ልጄን ለሰው አልሰጥም።"

"ባል መጥቶ ቢጠይቅህ ኖሮ ይሄኔ ጌሾ እያስወቀጥክ ነበር።"

"ያ ሌላ ነው።"

"ሌላ አይደለም። አንተ ቀንተሃል።"

"በማን?"

"በሰውየው ነዋ! በጠመኔው ሳይቀር።" ሚስቴ የአዊ ልጅ ናት፤ ነገር ሲበዛባት በአገውኛ ታጉረመርማለች። ያን ቀን ያለችውን እስከ ዛሬ አልተረጎመችልኝም።

ልጄ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች።

"አባዬ፣ ልቀር ነው?"

"ማን ነው ያስተማረሽ?" አልኳት።

ጥቂት አሰበች። "ማካፈልን አንቱ። ክፍልፋይን እሱ።"

"ክፍልፋይ ምንድን ነው?"

"ከአንድ የሚያንስ ነዋ። ግማሽ፣ ሩብ። ይደመራል፣ ይባዛል።"

ግማሽና ሩብን ከሚዛን አውቃቸዋለሁ። ሩብን በሩብ ማባዛት እንደሚቻል ግን ሰምቼ አላውቅም። እሷ መሬት ላይ በጣቷ ጽፋ አሳየችኝ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አልገባኝም፤ ገባኝ አልኩ። አባት ልጁ ከእሱ እንድትበልጥ ይጸልያል። ጸሎቱ ሲሰማለትና የሰማለት ሌላ ሰው ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አልነገረኝም።

"ትሄጃለሽ" አልኳት። "እሱ ቤት ግን አይደለም።"

ቡሬ በወፍጮ ቤቱ ዘመን የማውቃቸው አንዲት ጥጥ ፈታይ ባልቴት ነበሩ። ጓዳቸውን ለመኑኝና ተከራየሁላት ብል ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ለልጄም "እዚያ ሰውየው ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ" አልኳት።

የገጠር ተማሪ ልማዱ ቅዳሜ ቤቱ መጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ መመለስ ነው፤ ካልተቻለም እናት ወይም እህት ታደርስለታለች። ዳይሬክተሩም ዓርብ ዓርብ ወደ ቤተሰቡ ይሄድ ስለነበር፣ "መንገዴ ነው፣ አገልግሏን ልያዝላት" አለኝ። ልጄም ብትመጣ፣ እሑድ እሱ ሲመለስ መንገድ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱንም ከለከልኩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ አገልግሉን፣ ሽሮውንና በርበሬውን በትከሻዬ ተሸክሜ እኔው ሄድኩ።

ወንድ፣ ያውም ፂም ያለው ሰው፣ አገልግል ተሸክሞ ለሴት ልጅ ስንቅ ሲያደርስ በእኛ አገር ታይቶ አይታወቅም። ገበያተኛው አላለፈኝም። "የሙሽራይቱ እናት መጡ፣ መንገድ ልቀቁ!" ይላል አንዱ። "ጋሼ፣ ወጡ እንዳይደፋ ቀስ!" ትላለች ሌላዋ። ጎረቤቴ ደግሞ ከፊት ለፊቴ አህያውን እየነዳ፣ "ምነው ሰውዬ፣ ሚስት ሞተችብህ?" ይለኝ ነበር። አህያው ላይ ጫንልኝ ብዬ ብጠይቀው ይጭንልኝ ነበር። አላልኩም። ሸክሙ ሲከብደኝ ዳይሬክተሩ ተሸክሞት ይታየኛል፤ ያን ጊዜ ይቀለኛል። ሰዎች ጉልበት ከፍቅር ይመጣል ይላሉ። ከሌላም ይመጣል።

ሰኔ ላይ በቡሬ መንገድ ያለው ወንዝ ሞላ። አገልግሉን ይዤ ዳር ቆሜ ዋልኩ፤ የሚሻገር ጠፋ፤ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ውኃው ጎደል ሲል ተሻግሬ ቡሬ ደረስኩ። ርቧት ይሆናል ብዬ የሮጥኩት እኔ፣ ልጄን ፊቷ ወዝቶ፣ ጠጉሯ ተሠርቶ አገኘኋት። ጠጉሯን ማን እንደሠራት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"አይዞህ፣ አልተቸገረችም" አሉኝ ባልቴቷ። "ከዳይሬክተሩ ሚስት ዘንድ ስትበላ ሰነበተች።"

ወደ ልጄ ዞርኩ። "አልነገርኩሽም?"

"ነግረውኛል።"

"ታዲያ?"

"ራበኝ፣ አባዬ።"

የራበው ልጅ የአባቱን ክብር አይበላም። አገልግሉን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ።

"ምን አበሉሽ?"

"ሽሮ።"

"ከእናትሽ ይጣፍጣል?"

የአገልግሉን ክዳን ነካካች። "ጨው ይበዛዋል።"

ደስ አለኝ። እውነቷን ይሁን ለእኔ ብላ አልመረመርኩም። ሴትየዋ ዘንድ ሄዶ ማመስገን ወግ ነበር። እኔ ግን ያንን ሰፈር ትቼ በወፍጮ ቤቱ በኩል ወጣሁ።

ልጄ ሰባተኛን በጥሩ ውጤት አለፈች። ታናናሾቿ ገና እኛው ትምህርት ቤት ስለነበሩ በመስከረም ለስብሰባ ተጠራሁ። እንደ አምናው ሰሌዳው ወጥቷል። እንደ አምናው ከሌላው ሰው በፊት አነበብኩት፤ ዓይኔን ግን አላመንኩም። በግራው በኩል ከታች፣ "ወላጆች ስንቅ በማድረስ ያሳዩት ተሳትፎ" ይላል።

"እኚህ አባት" አለ ዳይሬክተሩ በእጁ እያሳየኝ፣ "ዓመቱን ሙሉ ለሴት ልጃቸው በትከሻቸው ስንቅ አድርሰዋል። የወንድ ሥራ አይደለም አላሉም። እኔ ይህን ከውጤቶቻችን ሁሉ አስበልጠዋለሁ። እስቲ ይነሡልን።"

የልጄን ትምህርት ወሰደብኝ፤ አሁን ደግሞ እሱን ለማሸነፍ የተሸከምኩትን ሸክም ወስዶ ከራሱ ውጤት ደመረው። ተነሣሁ።

"ስንቁን የተሸከምኩት ለትምህርት ቤቱ ብዬ አይደለም" አልኩ።

"ለምን ነው ታዲያ?" አለ ጎረቤቴ ከኋላ።

"ዳይሬክተሩ እንዳይሸከመው ብዬ ነው።"

ሰው ቀልድ መስሎት ፈነዳ። ዳይሬክተሩም ሳቀ፤ ግን ሳቁን ቶሎ አቆመና አየኝ። እንደ ገባው አወቅሁ።

ከዚያ ወደ ቀኙ ተሻገረ። በዚያ ዓመት ያለፉ ሴቶች ነበሩ፤ አባቶቻቸው ቡሬ መላክን እንቢ ብለዋል። "ቤታቸው ሄዶ የሚያነጋግራቸው አንድ ወላጅ እንፈልጋለን" አለ። "እኔ ብሄድ የመንግሥት ሰው መጣ ብለው ይፈሩኛል።"

ጎረቤቴ እጁን አወጣ። ዓመቱን ሙሉ ሚስት ሞተችብህ ሲለኝ የከረመው እሱ! እነዚያ ልጆች ቡሬ ቢገቡ በመጪው መስከረም በጠመኔ የሚሰፍረው የእሱ ድካም መሆኑ ታየኝ።

"እጅህን አውርድ" አልኩት። "የምሄደው እኔ ነኝ።"

በማግሥቱ ከወንዙ ማዶ ወዳለ አንድ ገበሬ ቤት ሄድኩ። ሰውየው በርበሬ ያሰጣል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ የመጣሁበት ገብቶት ፊቱን አጠቆረ።

"ዳይሬክተሩ ልኮህ ነው?" አለኝ።

"እኔን ማንም አይልከኝም" አልኩት፤ ተቀመጥ ሳይለኝም ከአጠገቡ ተቀምጬ በርበሬውን አብሬው መዘርጋት ጀመርኩ።