ሱቁ የተዘጋበት ቅዳሜ

ባሌን ለሁለት ቀን ከሱቁ ለመንጠቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሆሳዕና ውስጥ ሱቅ ካላቸው ሰዎች መሀል እንደሱ ያለ ደረቅ አይቼ አላውቅም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፍታል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። እሁድ እንኳ አንዱን በር ገርበብ አድርጎ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ጎኑ ቆሜ ስመዝንና ስቋጥር ኖሬያለሁ። ልጆቹ እያሉ ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር። የመጨረሻዋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን እራት ላይ ሁለታችን ብቻ ፊት ለፊት ቀረን። ወሬያችንም ያው ነው፤ ዘይት አልቋል፣ ዱቄት ይምጣ፣ ያኛው ካርቶን ተቀዷል።

አንድ ቀን "ይሄ ሱቅ ባይኖር እኔና አንተ ምን እናወራ ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት። "ሱቁማ አለ" ብሎ እንጀራውን ጠቀለለ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ከዚህ ሰው ጋር የቀረኝ ነገር ሱቅ ብቻ ይሁን ሌላም ይኑር ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ "ቅዳሜና እሁድ የሆነ ቦታ ሄደን እንዝናና" አልኩት።

"ምን ልንሠራ?"

"ምንም ላንሠራ።"

"ምንም ላለመሥራት እዚያ ድረስ?" አለኝ። ወይ ጉዴ! ከዚህ ሰው ጋር ነው እንግዲህ ጉዞ የማቅደው።

ቦታ መምረጡ ራሱ ሌላ ጣጣ ሆነ። እኛ ዘንድ ዘመድ ባለበት ከተማ አልጋ ይዞ ማደር ነውር ነው፤ ከተሰማ ዓመት ሙሉ ያኮርፉሃል። ዘመድ ቤት ካደርን ደግሞ እኔ ወጥ ቤት መግባቴ፣ እሱም ከወንዶቹ ጋር ስለ ዕቃ ዋጋ ማውራቱ አይቀርም። የእኔ እህት ሆመቾ አለች፣ ሞርሲቶ አጎቶቼ ሞልተዋል። የእሱ ወገን ደግሞ ጉራጌ ነው፤ እነሱ ሱቅ ያልከፈቱበት ከተማ ካለ እስቲ ንገሩኝ። ዱራሜ ወንድሙ፣ ሀደሮ የአክስቱ ልጅ። አንድ በአንድ እየሰረዝን አንጋጫ ላይ ደረስን። ትንሽ ናት፣ ብርዳም ናት፣ የሀምበሪቾ ተራራ ይታያል፣ ከሁሉም በላይ ዘመድ የለንም። ባሌ አገጩን ይዞ አሰበና "አንጋጫ ግን ከኛ ወገን ማንም ሱቅ አለመክፈቱ ይገርማል" አለ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ሁለት ነገር አስማልኩት። አንደኛ፣ ስልካችን ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ለማንም አንናገርም። ሰፈራችንን ስለማውቀው ነው። ጉዞ አለኝ ካልክ አንዱ ዕቃ አድርስልኝ ይላል፣ ሌላው ጫማውን አጥልቆ "እኔም በዚያው" ብሎ ይከተልሃል። ባሌ "ለዕድሩ ዳኛ እንኳ ሹክ ልበላቸው" ቢለኝ "ለማንም ብያለሁ!" ብዬ ጮህኩበት። ጥፋቱ እንግዲህ የኔ ነው፣ አልክድም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ሱቁንም ግቢውንም ቆልፈን የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝን። አንጋጫ ጉም ውስጥ ነበረች። አልጋ ይዘን ሻንጣችንን አስቀመጥንና ቁርስ ቤት ገባን። ራሴ ያላገነፋሁት የቡላ ገንፎ ፊቴ ሲቀመጥ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ባሌ ግን እጁ ሥራ አጥቶ የጠረጴዛውን ስኳርና ጨው ያሰልፋል። "ተው እባክህ፣ የሰው ቤት ነው" አልኩት።

ገንፎው ሳይጋመስ አንድ ሾፌር ገባ። በሆሳዕናና በአንጋጫ መሀል የሚመላለስ፣ ጠዋት ጠዋት ከኛ ውሃ የሚገዛ ደንበኛችን ነው። ሲያየን ደርቆ ቀረ።

"ፋዘር! ለቅሶው እዚህ ነው እንዴ?"

"የምን ለቅሶ?" አለ ባሌ።

"ሱቁ ተዘግቷል፣ ግቢው ተቆልፏል፣ ስልካችሁ አይሠራም። ሰፈሩ በሙሉ በራችሁ ላይ ነው። መርዶ መጥቶባቸው በሌሊት ወጥተዋል ተብሎ ዕድሩ የእኔን መኪና ይዟል፤ ከዚህ ስመለስ ለቅሶ ላደርሳቸው ነው። ግን ወዴት እንደሆነ ያወቀ የለም። ግማሹ ሆመቾ ነው ይላል፣ ግማሹ ዱራሜ። ለልጆቹ ደውለን እንጠይቅ ሲሉ ነው የመጣሁት።"

ክው አልኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ሱቃችን በሥራ ቀን የተዘጋው ሰው ሲሞትብን ብቻ ነው። ሰው ሌላ ምን ይበል?

ባሌ ተነስቶ ጃኬቱን አነሳ። "ነይ፣ እንመለስ።"

"እንደውል። ልጆቹ ሳይደነግጡ አሁኑኑ እንደውል። መመለስ ግን የለም።"

"ሰው ደጄ ላይ እያለቀሰ እኔ እዚህ ገንፎ ልበላ?"

"የሞተ የለም እኮ!"

"ሊዝናኑ ሄደው ነው ሲባል ሰው ምን ይለኛል?"

"እንግዲያው አንተ ሂድ። እኔ ነገ ማታ እመጣለሁ።"

ከሄደ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው፤ እኔና እሱ ሱቅ ብቻ ነን። ሾፌሩ ነገሩ ሲካረር ጊዜ ሻዩን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ።

ባሌ እንደቆመ ስልኩን ከፍቶ ለዕድሩ ዳኛ ደወለ። ሽማግሌው ጆሯቸው ስለማይሰማ በስልክ ይጮሃሉ፤ እኔም ሁሉንም ሰማሁ። "ማነው? ማነው የሞተብህ ልጄ?" አሉ።

ባሌ አየኝ። ውሸት እየፈለገ እንደሆነ ከዓይኑ አወቅኩ። "ጋሼ፣ አንድ ዘመዳችን ትንሽ አሟት..." ብሎ ጀመረና አቆመ። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ መልሶ አስቀመጠ። "ውሸቴን ነው ጋሼ። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልታመመም። ሚስቴ ለሁለት ቀን ፈልጋኝ ነው።"

ሽማግሌው "ታዲያ አይነገርም? ይሄን ሁሉ ሰው ነጠላ አስዘቅዝቃችሁ!" ብለው ተቆጡ። ከኋላቸው ግን የሴቶች ሳቅ ተሰማኝ። ሰኞ ዕድሩ ፊት ቀርበን ይቅርታ እንድንጠይቅ አዘው ዘጉት። ባሌን ላብ አጥምቆታል። "ሰኞ በየት በኩል ነው ሱቄ የምገባው?" አለኝ። "በበሩ ነዋ" አልኩት።

ከሰዓት ጉሙ ሲገፈፍ ከከተማው ወጣ ብለን ሣር ላይ ተቀመጥን። አንድ ጋቢ ለሁለት ደረብን። ብዙ ሰዓት አንድም ቃል አልተናገርንም፤ ይኸው፣ የሚወራ የለንም እያልኩ ሣሩን እነጫለሁ። በኋላ እሱ ቀስ ብሎ "ቅድም 'አንተ ሂድ' ያልሽኝ የምርሽን ነው?" አለ።

"የምሬን ነው። እኔ እኮ ሱቅ ወድጄ አላውቅም።"

ዞር ብሎ አየኝ። "እኔስ የምወድ ይመስልሻል?" አለ። "አባቴ ቁልፉን ሲያስረክበኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፍላጎቴ መምህር መሆን ነበር፤ ጂኦግራፊ ላስተምር። አንቺ ከጎኔ ሳትነቃነቂ ስትቆሚ፣ ይቺ ሴት ሱቁን ወዳዋለች ብዬ ዝም አልኩ።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ጮህኩበት።

"ሱቁ መቼ ተዘግቶ?" አለኝ።