ፍየል ፌስታል የለውም

ትናንት ኮፒ ቤቴ አንዲት ተማሪ መጥታ የዓሣ ፎቶ ፕሪንት አድርጊልኝ አለችኝ። ጥርሱ ከአፉ የወጣ፣ ብርሃን የማይደርስበት ባሕር የሚኖር አስቀያሚ ፍጡር። «ከብርቅ ተክል ጋር አወዳድሩ ተብለን ነው፤ የቱ ለመጥፋት እንደቀረበ።» ቀለም የለም ብዬ ላባርራት ምንም አልቀረኝ።

እኔም እዚሁ ነገሌ ስማር ይኸው ጥያቄ ለክርክር ተሰጥቶን ነበር። እኔ ተክሉን ስይዝ፣ ዓሣውን የያዘችው የባለሱቁ ልጅ ሐዋ ናት፤ አልወዳትም፣ አትወደኝም።

«ዓሣውን ማን ወርዶ ቆጠረው? ዝርዝሩ ‹በቂ መረጃ የለም› ነው የሚለው። ይሄኔ አልቆ ይሆናል» አለች።

«የማይደረስበትን ማን ይጨርሰዋል? የኔ ተክል ግን ከፍተኛ ስጋት ላይ ናት፤ እዚሁ ወደ ወደራ በሚወስደው መንገድ ዳር!» አልኳት።

«አሳዪና! አንቺ ሆዳም የምታውቂው የማንዳዚ ዛፍ ብቻ ነው» ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ።

ተክሏ የነበረችው ወተት በሚያመጡልን ሽማግሌ፣ በኦቦ ጎዳና ካሎ ውስጥ ነው፤ ለጥጆች በእሾህ ያጠሩት ግጦሽ። መምህራችን ቅጠሏን አይቶ ከብርቆቹ ዝርዝር አግኝቷታል። ሦስት እግር ብቻ ነበረች። ከሰዓት በባጃጅ ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ይጎትታል። ሰው የለም። አንዷን ከነሥሯ ነቅዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ካሎ የገባ ሰው ሲወጣ መዝጊያውን እሾህ ጎትቶ ይመልሳል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። የእኔ ጆሮ ውስጥ ግን የሐዋ ሳቅ ነበር።

በማግስቱ ተክሏን ከፍ አድርጌ «ዓሣውን ጥልቀቱ ይጠብቀዋል፤ ይህቺን ግን እጅ ይደርስባታል!» አልኩ። ሙሉ ማርክ አገኘሁ።

«እጁ የማን ነው?» አለች ሐዋ። ቀናች ብዬ ሳቅኩባት።

ማታ ኦቦ ጎዳና ባዶ እጃቸውን ቤታችን መጡ።

«አካም ኦቦ፣ ናጋ?» ብዬ ሰላም ነው ወይ አልኳቸው።

«ናጋ የለም።» ሰላምታ የሚነፍግ ቦረና አይቼ አላውቅም ነበር። «ፍየል ገብቶ ሁለቱን በላ። አንዷ ከነሥሯ የለችም፤ ጭቃው ላይ የጫማሽ ዱካ አለ። ፍየል ፌስታል የለውም።»

«ለትምህርት እኮ ነው!»

«ትምህርት በር መዝጋት አላስተማረሽም?»

የነቀልኳትን መልሼ ተከልኳት። በሳምንቱ ደረቀች። ወተቱም በዚያው ቀረ።

«እትዬ፣ አንቺስ የቱ ይብሳል ትያለሽ?» አለች የትናንቷ ተማሪ ወረቀቱን እየተቀበለች።

«ዓሣውማ ዕድለኛ ነው፤ እኔ አልደረስኩበትም።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሐዋ ልክ ነበረች፤ ብሞት አልነግራትም። ኦቦ ጎዳና ዛሬም በዚህ መንገድ ያልፋሉ፤ ባጃጅ ነጂውን፣ ጫት ሻጯን፣ ሁሉንም ናጋ ይላሉ። የእኔ ደጅ ሲደርሱ ከዘራቸው ብቻ ነው የሚሰማው።