ስቡ የማን እርድ ነው?

ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝና ጽሑፍ አይቼ ሳላነብ አላልፍም፤ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ሆኜ ስቀጠር ይህ አመሌ እንጀራዬ ሆነ።

አንድ ጊዜ አንጀታቸው ተጠማዝዞ ከኩታበር የመጡ ገበሬ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ። አንጀታቸው ገና ሥራ አልጀመረም፤ ሰውነታቸው ግን መነመነ። ምግባቸው፣ ስቡ ሳይቀር፣ በደም ሥር እንዲገባ ተወሰነ። እጃችን ላይ የነበረው ከአኩሪ አተር ዘይት ብቻ የተሠራው ነው። ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ለበዛበት በሽተኛ የዓሣ ዘይት ያለበት ሳይሻል አይቀርም አልኩ፤ ሐኪሙም ተስማማ። ኮምቦልቻ ወዳለው የመድኃኒት መጋዘን ወርጄ፣ ሙቀቱ እንዳያበላሸው እንደ አራስ ልጅ ሸፋፍኜ አመጣሁት።

ባለቤታቸው ነጩን ከረጢት አዩና፣ "ወተት ነው?" አሉኝ።

"ስብ ነው፣ እናቴ።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "የማን እርድ ነው?"

ይህን ትምህርት ቤት ማንም አልጠየቀኝም።

"ወላሂ፣ ያላወቀውን እርድ ቀምሶ አያውቅም። ራሱን በማያውቅበት ሰዓት እኔ ላስነካው?"

እምቢ ካሉ ሰውየው በረሃብ ሊያልቁ ነው። ከረጢቱ ላይ ያለውን አነበብኩላቸው፤ አኩሪ አተር፣ ወይራ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ዓሣ።

"ዓሣ!" ብለው ሳቁ። "ዓሣማ ምን ቢላዋ ያውቃል!"

እኔ ግን አልጨረስኩም። "ባለቤትዎ ዓሣ በልተው አሳክኳቸው፣ አብጠው ያውቃሉ?"

"የኩታበር ሰው ዓሣ ከየት ያገኛል?"

ባይስማማቸውስ? አፋቸው ያልሞከረውን በደም ሥር ልስደድ? በአኩሪ አተሩ ልለውጠው ስነሳ ቀሚሴን ያዙኝ።

"ቆይ እስቲ! ሐይቅ ከተማ፣ የእህቱ ልጅ ሰርግ! እኔ ሽታው አስጠልቶኝ ብተወው የእኔንም ጨምሮ በላው። ለድመቷ አጥንት ብቻ ተረፋት።"

"ከዚያስ? አላሳከካቸውም?"

"እሱን ምን ያሳክከዋል! እኔን ነው እንጂ፣ ንዴቱ።"

"እንቁላልስ?"

"ለገበያ ያስቀመጥኩትን ሳይቀር!"

የአኩሪ አተሩንም ጠየቅሁ፤ ከእርዳታ ዱቄት ጋር ስንቴ በልቶታል አሉኝ። "በይ ልጄ፣ ቢስሚላህ በይና ክፈችው።"

ቀስ ተብሎ ተጀመረ። እኔ የሰውየውን ቆዳ አያለሁ፣ እሳቸው የእኔን ፊት ያያሉ። ምንም ሳይሆኑ ገባላቸው።

አንጀታቸው ሥራ ጀምሮ አጥሚት የቀመሱ ዕለት፣ ሚስታቸው ዓሣ በደም ሥር መግባቱን ነገሯቸው። ሰውየው ክንዳቸውን አገላብጠው ሲመረምሩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"አጥንቱንስ ለቅማችሁታል?"

"ማጣሪያ አለው፣ አባቴ" አልኩ፣ ኮስተር ብዬ።

"አየሽልኝ!" አሉ ሚስታቸው። "አሁንም ብቻውን በላው።"