ሁለቱም በአንድ ከፍታ

አመተሥላሴ የመሪጌታ አትናቴዎስ ሦስተኛ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው መንዝ ውስጥ ዘመሮ ነው፤ ፊደል የቆጠረችውም ከአባቷ ተማሪዎች ዳር ተቀምጣ ነበር። መሪጌታ አንድ ተማሪ ዳዊት ሲደግም ቃል ካበላሸ፣ የጨፈኑትን ዓይን ሳይገልጡ "ተመለስ" ይሉታል። ልጃቸው ግን ልቧ ወደ ሒሳብ አደላ። መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ በመጨረሻም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆነች።

ሥራዋን ለአባቷ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

"አውሮፕላኑን የምትነጂው አንቺ ነሽ?" አሏት።

"የለም አባባ፤ እርስ በርስ እንዳይጋጩ መንገድ የማካፍላቸው ነኝ።"

መሪጌታ ትንሽ አሰቡና፣ "እንግዲያው የሰማይ የውኃ አባት ነሻ" አሉ። የመስኖ ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍለውን ሰው ማለታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለጠየቃቸው ሁሉ እንዲያ እያሉ ነው የሚመልሱት።

የበረሃ አንበጣ ከቆላው ወደ መንዝ ገደል አፍ የወጣበት ዓመት ጥቅምት ላይ ገብሱ አሽቶ ነበር። መድኃኒት የሚረጩ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ተመደቡ፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳም ጊዜያዊ ማረፊያ ተዘጋጀ። አገሩን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ሲፈለግ አመተሥላሴ ቀድማ እጇን አወጣች። መቆጣጠሪያዋ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ ውስጧ ሬዲዮ፣ ካርታና ሁለት ወንበር። በሁለተኛው ወንበር የሚቀመጠው ትዕዛዙ የሚባል የግብርና ባለሙያ ሲሆን፣ አንበጣው የት እንዳረፈ ከየቀበሌው እየጠየቀ ይነግራታል።

ከአብራሪዎቹ አንዱ ካፒቴን ባስልዮስ ናቸው፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ። ሁለተኛው በዕውቀቱ የእሷ እኩያ ነው። በሬዲዮ ባስልዮስ "ሠላሳ ሁለት"፣ በዕውቀቱ "ሠላሳ ሦስት" ተብለው ይጠራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመርሐቤቴ በኩል የተነሣ ደመና ማንም ሳያስበው አገሩን ሸፈነው። ሁለቱም ሄሊኮፕተሮች ረጭተው እየተመለሱ ነበር። ማረፊያው ላይ በረዶ መውረድ ሲጀምር አመተሥላሴ ባስልዮስን ጓሳ ተራራ ላይ በዐሥራ ሦስት ሺህ ጫማ ከፍታ እየዞሩ እንዲጠብቁ አዘዘቻቸው። ቀጥሎ ከደቡብ የሚመጣውን በዕውቀቱን ጠራች።

"ሠላሳ ሦስት፣ አንተም ጓሳ ላይ ጠብቅ፤ ከፍታህ ዐሥራ አራት ሺህ።"

በዕውቀቱ ቀደም ብሎ ለባስልዮስ የተነገረው ቁጥር ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ የታዘዘውን እንደ ደንቡ ሲደግም "ጓሳ ላይ፣ ዐሥራ ሦስት ሺህ" ብሎ መለሰ። በረዶው ቆርቆሮውን ይወግረዋል፤ ትዕዛዙ በስልክ ይጮኻል። አመተሥላሴም መስማት የጠበቀችውን የሰማች መሰላትና "ትክክል" አለች።

እጇን ከሬዲዮው አንሥታ ካርታው ላይ ልትጽፍ ስትል የበዕውቀቱ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ተመልሶ መጣ። ዐሥራ ሦስት ነው ያለው። ሁለት ሄሊኮፕተሮች በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ቦታ፣ ዓይን በማያሳይ ደመና ውስጥ አሉ። ደግማ ጠይቃ ልታረጋግጥ ቃጣት፤ ግን ለመጠየቅ የሚሆን ጊዜ አልነበረም።

"የሁለታችሁም ከፍታ አንድ ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው" አለች፣ ድምፅዋን ሳታፈጥን። "ሠላሳ ሦስት፣ አሁኑኑ ወደ ግራ ታጠፍና ወደ ዐሥራ አራት ሺህ ውጣ። ሠላሳ ሁለት፣ ወደ ቀኝ ይታጠፉ፣ ከፍታዎን አይልቀቁ።"

ሬዲዮው ተንጫጫ። ትዕዛዙ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

"ሠላሳ ሁለት ወደ ቀኝ ታጥፏል" አሉ ባስልዮስ። "የሠላሳ ሦስት መብራት በግራዬ ሲያልፍ አየሁት።"

"ሠላሳ ሦስት፣ ዐሥራ አራት ሺህ" አለ በዕውቀቱም፤ ትንፋሹ ይሰማ ነበር።

አመተሥላሴ እያንዳንዱን ቁጥር እስከ መጨረሻው ሰምታ ነው "ትክክል" ያለችው። ሥራው ግን አላለቀም። ማረፊያው በበረዶ ነጥቷል፤ ነዳጃቸውም እየመነመነ ነው። ስልኳን አነሣችና ሞላሌ ከተማ ለምትነግድ እኅቷ ለእታገኝ ደወለችላት።

"ሰማዩ እንዴት ነው እናንተ ዘንድ?"

"ዘነበና አባራ። አሁንማ ፀሐይ ነው፤ የረጠበ ጆንያ እያሰጣሁ ነው። ምነው?"

"የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰው አለ?"

"ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።"

"ሩጪና አስወጪልኝ። ሁለት ሄሊኮፕተር እየላክሁልሽ ነው።"

እታገኝ ስልኩን ሳትዘጋ ሮጠች። አመተሥላሴ መጀመሪያ ባስልዮስን፣ እሳቸው ከደመናው መውጣታቸውን ሲነግሯት ደግሞ በዕውቀቱን ወደ ሞላሌ መራች። ዝቅ ሲሉ ተራራው ሬዲዮውን ጋረደው። የቀራት የእኅቷ ድምፅ ብቻ ነው።

"አንዱ መጣ... አቧራ የለም፣ ጭቃ ነው... ተቀመጠ። ሌላውም መጣ። ቆይ... እሱም ተቀመጠ፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።"

አመተሥላሴ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ አለቀሰች። ትዕዛዙ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና፣ "በረዶው ነው ያሳሳተኝ በይ፤ ማን ይከራከርሻል?" አላት።

"በረዶው 'ትክክል' አላለም" አለችው። "እኔ ነኝ ያልሁት።"

ለአለቆቿም ይህንኑ ነገረቻቸው። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደች። በምርመራው ላይ የተቀዳው ድምፅ ሲሰማ፣ በዕውቀቱ ሳይጠየቅ ተነሥቶ ቁጥሩን ያሳሳተው እሱ እንደ ነበር ተናገረ። ባስልዮስ ደግሞ፣ "ልጅቷ ስሕተቷን ወዲያው ከማረም ይልቅ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም ነበር" አሉ። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪዋን ብቻዋን ያስቀመጡት አለቆች አንገታቸውን ደፉ። በየጊዜያዊ ማረፊያው የአብራሪውን መልስ አብሮ የሚያዳምጥ ሁለተኛ ተቆጣጣሪ እንዲኖር ተወሰነ። እሷም ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰች፤ ሁለቱ አብራሪዎች ያለ እሷ አንነሣም ብለው ነበርና።

አንበጣው የመንዝን ገብስ ሳይጨርስ እዚያው ገደል አፍ ላይ አለቀ። የመጨረሻው ርጭት ሲጠናቀቅ የየቀበሌው ገበሬ ወደ ማረፊያው ወረደ፤ ጠላውን በእንስራ፣ ዳቦውን በመሶብ ይዞ። መሪጌታ አትናቴዎስም በበቅሎ መጥተው የልጃቸውን የቆርቆሮ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ሄሊኮፕተሮቹ ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ሲነሡ ሴቶቹ እልል አሉ። አመተሥላሴ ሬዲዮውን ጨበጠች።

"ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት" አለች፤ "መንገዱ ክፍት ነው። በሰላም ግቡ።"